«አዲስ ነገር አለን» ያለ መኪና አምራች ምን ሊያወጣ እንደሆነ እንዴት ይገመታል?

ኦክቶበር 1 ቀን 2014 የአሜሪካው የኤሌክትሪክ መኪና አምራች የቴስላ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኢሎን መስክ በትዊተር ገጹ ላይ አንዲት አጭር መልእክት አሰፈረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ዲ»ን እና ሌላ አንድ ነገር ይፋ የምናደርግበት ጊዜ ደርሷል ከማለት በቀር ምንም የምትለው አልነበራትም። አብሯት የወጣው ምስል በከፊል የተከፈተ የጋራዥ በር፣ ከበሩ ሥር ብቅ ያለ የመኪና ግንባርና አንድ ትልቅ የላቲን ፊደል ያሳያል። ቀጠሮው ለኦክቶበር 9 ነበር። በመካከሉ ባሉት ቀናት በዚያ ፊደል የሚጀምር የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ ተራ በተራ ተነሣ፤ ሾፌር አልባ መኪና ነው ያለ ነበር፣ ሞዴል ዲ የሚባል አዲስ መኪና ነው ያለ ነበር፣ ባለ ሁለት ሞተር ነው ያለም ነበር። የኩባንያው አክሲዮን ዋጋም ወሬውን ተከትሎ ጨመረ።

በቀጠሮው ምሽት ሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው በሆውቶርን ከተማ መድረክ ላይ የወጣው አዲስ መኪና አልነበረም። ከሁለት ዓመት በላይ ሲሸጥ የቆየው ሞዴል ኤስ ከፊት በኩል ሁለተኛ ሞተር ተጨምሮለት፣ አራቱንም ጎማ በሞተር የሚነዳ ሆኖ ቀረበ፤ «ዲ» ጥንድ ሞተር ለሚለው የእንግሊዝኛ አባባል የቆመች ፊደል ነበረች። ፒ85ዲ የተባለው ፈጣኑ ዓይነት ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ 3.2 ሰከንድ ብቻ እንደሚበቃው ተነገረ። «ሌላ ነገር» የተባለው ደግሞ አንድ ካሜራ፣ አንድ ራዳርና 12 በድምፅ ሞገድ የሚሠሩ ዳሳሾች ሆኖ ተገኘ፤ አውቶፓይለት የሚባለው የአነዳድ ረዳት መጀመሪያ የቆመው በእነዚህ ላይ ነው። በማግስቱ አክሲዮኑ ከ7 በመቶ በላይ ወረደ።

ያን ጊዜ በትክክል የገመቱት ሰዎች የፊደሏን ምስል በማጉያ መነጽር የመረመሩት አልነበሩም። ኩባንያው በፌብሩዋሪ 2012 ሞዴል ኤክስ የተባለውን መኪና በናሙና ሲያሳይ ሁለት ሞተር ሊገጠምለት እንደሚችል ተናግሮ ነበር፤ ስለዚህ ቴክኒኩ በእጁ መኖሩ ይታወቃል። በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች ያለ ሀብታም ገዢ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ከጀርመን አምራቾች እንደ ልቡ ያገኝ ስለነበር፣ ቴስላ ይህ ጉድለት እንደሚያስቀርበት ለማወቅ የውስጥ ሰው መሆን አያስፈልግም። ስለ ካሜራውም ቢሆን፣ በዚያው ሰሞን አዲስ መኪና የተረከቡ ደንበኞች ከፊት መስታወቱ ጀርባና በባምፐሩ ላይ ሥራው ያልተነገራቸው ዕቃ አግኝተው ሲነጋገሩበት ሰንብተው ነበር። መልሱ በመንገድ ላይ እየተነዳ ሳለ ብዙው ሰው ሥዕል ሲፈታ ከረመ ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ቀን ቆርጦ፣ ማጓጊያ ምስል ለቆ «ጠብቁን» ሲል ከበስተጀርባው ምን እንዳለ በማስተዋል የሚገመትበትን መንገድ ለማስረዳት የተጻፈ ነው። የማየው ይበልጡን ቴስላን ነው፤ ቀጠሮ በመቁረጥም ቀጠሮ በማዛነፍም የሚስተካከለው ስለሌለ።

በቅድሚያ አንድ ድብልቅልቅ ነገር መለየት ይኖርበታል። «አዲስ መኪና አወጣ» የሚለው አነጋገር ቢያንስ አራት የተለያዩ ድርጊቶችን በአንድ ጆንያ ይከትታል። አንደኛው ናሙናውን በመድረክ ማሳየት ነው፤ ሁለተኛው ከደንበኛ ቀብድ መቀበል ነው፤ ሦስተኛው በፋብሪካ በብዛት ማምረት ሲሆን የመጨረሻው ቁልፉን ለገዢው ማስረከብ ነው። ለነዳጅ መኪና እነዚህ ብዙውን ጊዜ ተቀራርበው ይመጣሉ። በኤሌክትሪክ መኪና ዓለም ግን በመካከላቸው ዓመታት ይገባሉ፤ ባትሪው፣ ፋብሪካውና ሶፍትዌሩ ገና በመሠራት ላይ ሳሉ መኪናው በመድረክ ይታያልና። ሞዴል 3 የታየው ማርች 31 ቀን 2016 ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋው ከ35,000 ዶላር እንደሚጀምር ተነግሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች 1,000 ዶላር ቀብድ ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ 30 መኪኖች ለገዢዎች የተሰጡት በጁላይ 2017 ሲሆን፣ በተባለው 35,000 ዶላር የሚሸጠው ዓይነት ለትዕዛዝ የቀረበው ግን በፌብሩዋሪ 2019 መጨረሻ ነበር። ሳይበርትራክ የተባለው ፒክአፕ መኪና በኖቬምበር 2019 ሲታይ መነሻ ዋጋው 39,900 ዶላር ነው ተባለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ማስረከብ ሲጀመር የዝቅተኛው ዓይነት ዋጋ 60,990 ዶላር ሆኖ ተጻፈ። የሮድስተሩ ነገር ከሁሉም ይብሳል። በኖቬምበር 2017 ከጭነት መኪናው ከሰሚ ሆድ ውስጥ ድንገት እየተነዳ ወጥቶ አዳራሹን ያስጮኸው ይህ የስፖርት መኪና 50,000 ዶላር ቀብድ የተጠየቀበትና በ2020 ይመጣል የተባለለት ነበር፤ 2025 ሲያልቅም አንድም ደንበኛ አልተረከበውም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ግምት ሲሰነዘር «ምን ይወጣል?» ከሚለው ጋር «ከአራቱ የትኛው ነው የሚሆነው?» የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት። ናሙና ማሳየት ብቻ ከሆነ የተባለው ሁሉ ሊባል ይችላል። እንዲያውም በመድረክ ወይም በቪዲዮ የታየ መኪና በራሱ ኃይል መሄድ መቻሉ እንኳ አይረጋገጥም። ኒኮላ የተባለው የአሜሪካ የጭነት መኪና ኩባንያ በ2018 የለቀቀው ቪዲዮ መኪናውን በአውራ ጎዳና ላይ ሲከንፍ ያሳይ ነበር፤ በ2020 እንደታወቀው ግን መኪናው ቁልቁለት ላይ ተለቆ ይንከባለል ነበር እንጂ አይነዳም ነበር። መሥራቹ ትሬቨር ሚልተን በኦክቶበር 2022 ባለሀብቶችን በማታለል ጥፋተኛ ተብሎ ተፈረደበት፤ በማርች 2025 ደግሞ ከፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት አገኘ።

ማጓጊያው ራሱ ለምን ይለቀቃል የሚለው ቀላል ይመስላል፤ ማስታወቂያ ነው። ቴስላ ለረጅም ዘመን በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ለሚወጣ ማስታወቂያ ይህ ነው የሚባል ገንዘብ ሳያወጣ የኖረ ኩባንያ በመሆኑ፣ ሰው በራሱ ጊዜና በራሱ አንደበት ስለ እርሱ እንዲያወራ ማድረግ ዋና መሣሪያው ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ፤ የሚሸጠው መኪና ብቻ ሳይሆን አክሲዮንም ጭምር ነው። ኩባንያው በኖቬምበር 2013 ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ባስገባው ሰነድ ባለሀብቶች የመስክን የትዊተር ገጽ እንዲከታተሉ አስታውቋል፤ በሕግ ዓይን ያ ገጽ የጨዋታ ቦታ ሳይሆን የኩባንያው የመግለጫ ሰሌዳ ሆነ ማለት ነው። ማርች 30 ቀን 2015 መስክ መኪና ያልሆነ አዲስ የምርት ዘርፍ በኤፕሪል 30 ይፋ እንደሚሆን ሲጽፍ፣ የኩባንያው የገበያ ዋጋ በደቂቃዎች ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር ጨመረ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በኤፕሪል 1 የቀልድ ቀን፣ ኩባንያው ሞዴል ደብልዩ የተባለ የእጅ ሰዓት አወጣሁ ብሎ ሲያሾፍም አክሲዮኑ ለጥቂት ጊዜ ዘለለ፤ ዜና እያነበቡ የሚገዙና የሚሸጡ ኮምፒውተሮች ቀልድ አይገባቸውም።

ያ «መኪና ያልሆነ» ምርት ምን እንደነበር ማወቅ ይቻል ነበር ወይ? በሚገባ። ከማጓጊያው ሰባት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 2015፣ ኩባንያው የሩብ ዓመት ውጤቱን ለባለሀብቶችና ለተንታኞች ባስረዳበት የስልክ ስብሰባ ላይ መስክ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ባትሪ ንድፉ እንዳለቀና በቅርቡ ይፋ እንደሚሆን በግልጽ ተናግሮ ነበር። በዚያ ላይ ከመንፈቅ በፊት ለግዙፉ የባትሪ ፋብሪካ የኔቫዳ ግዛት ተመርጣለች፤ ያን ያህል ባትሪ የሚያመርት ሰው ከመኪና ሌላ መሸጫ እንደሚፈልግ ግልጽ ነው። ኤፕሪል 30 ማታ የመጣው ፓወርዎል በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባትሪ ነበር፤ 7 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው 3,000 ዶላር፣ 10 የሚይዘው 3,500 ዶላር ተባለ። መስክ በንግግሩ መካከል የአዳራሹን የመብራት ቆጣሪ በስክሪን አሳየ፤ ከከተማው የመብራት መስመር የሚመጣው ኃይል ዜሮ ነበር፤ መብራቱም ድምፅ ማጉያውም የሚሠራው በባትሪዎቹ ነበር። ታዳሚው አጨበጨበ። ምስጢሩን በፌብሩዋሪ የሰሙት ግን ብዙም አልተደነቁም።

ከአሥር ዓመት በኋላም ያው ታሪክ ተደገመ። በኦክቶበር 2025 መጀመሪያ ቴስላ ሁለት አጫጭር ቪዲዮዎችን ለቀቀ፤ በአንዱ ክብ የሆነ ነገር በፍጥነት ሲሽከረከር ይታይና «10/7» በሚል ቀን ይዘጋል፣ በሌላው በጨለማ ውስጥ የመኪና የፊት መብራት ይበራል። የሚሽከረከረው ነገር የቸርኬ ሽፋን ነው ያለ አለ፤ ለሮድስተሩ የሚሆን የአየር ማራገቢያ ነው ያለም አለ። በማግስቱ ሰኞ አክሲዮኑ ከ5 በመቶ በላይ ጨመረ። ማክሰኞ የመጣው ግን ሞዴል ዋይ ስታንዳርድና ሞዴል 3 ስታንዳርድ የሚባሉ፣ ከነባሮቹ ላይ ዕቃ የተቀነሰላቸው መኪኖች ነበሩ፤ የመጀመሪያው በ39,990፣ ሁለተኛው በ36,990 ዶላር። አክሲዮኑ በዚያው ቀን ከ4 በመቶ በላይ ወረደ።

ይህንንም ቢሆን አስቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር። ኩባንያው በጁላይ ባወጣው የሩብ ዓመት ሪፖርት የርካሹ ሞዴል የመጀመሪያ መኪኖች በጁን እንደተሠሩ ጽፏል፤ በስብሰባውም ላይ መኪናው ምን ይመስላል ተብሎ የተጠየቀው መስክ ሌላ ሳይሆን ሞዴል ዋይ ራሱ ነው ብሎ ምስጢሩን አፈረጠው። ቀኑም ቢሆን በድንገት የመጣ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ይሰጥ የነበረው የ7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ በሴፕቴምበር 30 ስላበቃ፣ ኩባንያው በሳምንቱ ርካሽ የሚመስል ነገር ማውጣት ነበረበት። የሞዴል ዋይ ስታንዳርድን ጣሪያ ላየ ሰው የኩባንያው ሐሳብ ፍንትው ብሎ ይታየዋል፦ የመስታወቱ ጣሪያ ከላይ እንዳለ ነው፣ ከውስጥ በኩል ግን በጨርቅ ተሸፍኗል። በሌላ ጣሪያ መለወጥ በማምረቻ መስመሩ ላይ ለውጥ ስለሚጠይቅ፣ ውድ የሆነውን መስታወት እንዳለ ትቶ ከሥሩ ጨርቅ ማልበስ ተመረጠ ብሎ መገመት ይቻላል። አዲስ መኪና ለመሥራት ጊዜ ያልነበረው ኩባንያ ያለውን አሳንሶ ሸጠ።

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠው የግምት ምንጭ ማንም የማያነበው አሰልቺ ሰነድ ነው የምለው ለዚህ ነው። በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ በየሦስት ወሩ ስለ ፋብሪካው፣ ስለሚያወጣው ገንዘብና ስለሚያስባቸው ምርቶች መናገር ይኖርበታል፤ እዚያ የተናገረው ነገር ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የሚያስጠይቅ በመሆኑ ቃላቱ በጥንቃቄ ይመረጣሉ። ኦገስት 7 ቀን 2018 መስክ ኩባንያውን በ420 ዶላር ሒሳብ ከአክሲዮን ገበያ ለማስወጣት ገንዘቡ ተገኝቷል ብሎ በመጻፉ ተቆጣጣሪው ከሰሰው፤ በስምምነት ሲያልቅ እርሱም ኩባንያውም እያንዳንዳቸው 20 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ፣ መስክም የቦርድ ሊቀመንበርነቱን ለቀቀ። ስለወደፊቱ የሚነገር ተስፋ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ ሕግ «እናስባለን»፣ «እንጠብቃለን» በሚል ማስጠንቀቂያ ታጅቦ ለሚነገር ዕቅድ ሰፊ ከለላ ይሰጣል። አንባቢም ይህን ልዩነት ከያዘ፣ «በጁን ተሠርቷል» የሚለውን «በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል» ከሚለው ጋር በአንድ ሚዛን አያስቀምጥም።

ቃል በቃል ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ አንድ ደስ የሚል ምሳሌ አለ። በጁን 2024 ብዙ ሰው የታደሰ ሞዴል ዋይ ሊወጣ ነው እያለ ሲያወራ፣ መስክ በዚህ ዓመት የታደሰ ሞዴል ዋይ አይወጣም ብሎ ጻፈ። ብዙዎች «አይወጣም» የሚለውን ብቻ ይዘው ሄዱ። የታደሰው መኪና በቻይና ይፋ የሆነው ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ነው፤ ዓመቱ ካለቀ በአሥረኛው ቀን። ሰውየው አልዋሸም፣ የተናገረው ስለ 2024 ነበር።

ይህን ዓይነት ማለባበስ የሚያስገድድ የንግድ ምክንያት አለው። አዲስ ሊወጣ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ እንደሆነ ገዢው እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ በመጋዘንና በመሸጫ ቦታ የቆመው አሮጌው ምርት ሳይሸጥ ይከርማል። በ1983 ኦስቦርን የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ኩባንያ ገና ስላልደረሱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች አስቀድሞ በማውራቱ በእጁ ያሉት ሳይሸጡለት ቀርተው በዚያው ዓመት ከሰረ ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ሌሎች ምክንያቶችም እንደነበሩት የሚከራከሩ ቢኖሩም አደጋው በስሙ ተሰይሟል። ስለዚህ አንድ አምራች በብዛት እየሸጠው ስላለው መኪና ተተኪ ዝም ቢል ወይም ቢያስተባብል አያስደንቅም፤ በሌላ በኩል ከያዘው ዕቃ ጋር የማይሻማ ነገር ሲሆን፣ ለምሳሌ ከዚህ በፊት ሠርቶ የማያውቀው የጭነት መኪና ወይም ባትሪ ሲሆን፣ ከዓመታት በፊት ቢያወራ የሚጎዳው ነገር የለም። በትልቅ ጭብጨባ ከሩቅ የሚነገረው አዘውትሮ ከሽያጭ የራቀው ነው።

ግምት የሚስተውም እዚያ ላይ ነው። ኤፕሪል 5 ቀን 2024 ሮይተርስ የዜና ወኪል ቴስላ ርካሽ መኪና ለመሥራት የነበረውን ዕቅድ መሰረዙን ዘገበ፤ አክሲዮኑ ወረደ። መስክ ዘገባውን ውሸት ነው አለ፣ በዚያው ቀን ጥቂት ሰዓታት ቆይቶም ሮቦታክሲ፣ ማለትም ሾፌር የሌለው ታክሲ፣ በኦገስት 8 ይታያል ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ ከመልእክቱ ይዘት ይልቅ ሰዓቱ ብዙ ይናገራል፤ መጥፎ ዜና በወጣበት ዕለት የተቆረጠ ቀጠሮ ከፋብሪካ የሥራ መርሐ ግብር ሳይሆን ከዜናው የመጣ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። እንደተፈራውም ቀጠሮው ወደ ኦክቶበር 10 ተገፋ። በዚያ ምሽት በበርባንክ ከተማ በሚገኘው የዋርነር ብራዘርስ የፊልም መቅረጫ ግቢ ውስጥ መሪም ፔዳልም የሌለው፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ሳይበርካብ የተባለ መኪና ታየ፤ ከ30,000 ዶላር በታች እንደሚሸጥና ከ2027 በፊት ማምረት እንደሚጀመር ተነገረ። ማንም ያልጠበቀው ሮቦቫን የሚባል ብዙ ሰው የሚጭን ተሽከርካሪም ተከትሎ ገባ፤ እርሱ መቼ እንደሚመረትና በስንት እንደሚሸጥ አልተነገረም። በማግስቱ አክሲዮኑ ከ8 በመቶ በላይ ሲወርድ፣ በታክሲ አገልግሎት ተቀናቃኝ ይሆናል ተብሎ የተፈራለት የኡበር አክሲዮን ዘለለ። ገበያው የፈረደው በታየው መኪና ላይ ሳይሆን ባልተነገረው ዝርዝር ላይ ነበር።

ወደ ቻይና ሲኬድ ነገሩ በከፊል ይገለበጣል። እዚያ አንድ አዲስ መኪና ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በኢንዱስትሪና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሚኒስቴሩም የመኪናውን ፎቶግራፍ፣ ርዝመትና ስፋት፣ ክብደትና የሞተር ኃይል ጭምር ለሕዝብ ያወጣል። ስድስት ሰው የሚይዘውና ሞዴል ዋይ ኤል የተባለው የቴስላ መኪና በጁላይ 2025 በዚህ መዝገብ ስለታየ፣ በኦገስት ለሽያጭ ሲቀርብ 4.98 ሜትር ገደማ መርዘሙን ሁሉም ያውቅ ነበር። ስለዚህ በቻይና ምስጢር ሆኖ የሚቆየው ዋጋው ብቻ ነው፤ ድራማውም በዋጋው ዙሪያ ይሠራል። ስልክ በመሥራት የሚታወቀው ሻኦሚ ኤስዩ7 የተባለ የመጀመሪያ መኪናውን በዲሴምበር 2023 መጨረሻ በዝርዝር ሲያሳይ ዋጋውን አልተናገረም፤ የኩባንያው መሪ ሌይ ጁን ትንሽ ውድ እንደሚሆን በመናገር ሰውን አዘጋጀ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ማርች 28 ቀን 2024፣ ዋጋው ከ215,900 ዩዋን እንደሚጀምር ሲነገር ውድ ነው ብሎ የሚያማርር ሳይሆን ተሰልፎ የሚያዝዝ ሰው ተገኘ። ሰውን በመጀመሪያ አስፈርቶ ኋላ ማስደሰት በመርካቶ የኖረ ጥበብ ነው፤ የሻኦሚው ልዩነት ሦስት ወር መፍጀቱ ነው።

ከቻይና የሚመጣው ወሬ ለኢትዮጵያ አንባቢ ከአሜሪካው ይልቅ ይቀርበዋል። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ገዢው የሚያማርጠው በኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል ሲሆን፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። በቻይናዋ ሼንዘን ከተማ የተነገረ ነገር አዲስ አበባ ላይ በተቀመጠ ገዢ ውሳኔ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ግምት ብቻ አይበቃም፤ የተባለውን ቁጥር ወስዶ ማስላት ይጠይቃል።

የሼንዘኑ መኪና አምራች ቢዋይዲ ማርች 17 ቀን 2025 ያደረገውን ማስታወቂያ እንውሰድ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ 400 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል የሚሞላ አዲስ ሥርዓት አወጣሁ፣ ከፍተኛው ኃይልም 1,000 ኪሎዋት ነው አለ። አምስት ደቂቃ የአንድ ሰዓት አሥራ ሁለተኛ ስለሆነ፣ 1,000 ኪሎዋት ለአምስት ደቂቃ ሳይቋረጥ ቢፈስስ 83 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ይህን ለ400 ኪሎ ሜትር ስናካፍለው ለ100 ኪሎ ሜትር 21 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይደርሳል፤ ለትልቅ መኪና የሚታመን ቁጥር ነው። በተግባር ከፍተኛው ኃይል ለአምስቱም ደቂቃ አይዘልቅም፤ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለው ኃይል ይቀንሳል። የቻይናው የርቀት መለኪያም ከአሜሪካው ይልቅ ለአምራቹ የሚያደላ ስለሆነ የተባለው ኪሎ ሜትር በመንገድ ላይ ያንሳል። እንዲያም ሆኖ አባባሉ ከፊዚክስ ጋር አይጣላም። ናሙና ይዞ ከሚመጣ አምራች ይህን ያህል ማግኘት ቀላል አይደለም።

ጥያቄው ከመኪናው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሶኬት ይሄዳል። በየቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋገርበት 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ 1,000 ኪሎዋት ማለት 285 የሚሆኑ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ተጥደው የሚወስዱት ኃይል ነው፤ ያ ሁሉ በአንድ ገመድ ወደ አንድ መኪና ይገባል ማለት ነው። ቢዋይዲም ይህን ስለሚያውቅ ከመኪኖቹ ጋር አብሮ ያስታወቀው ከ4,000 በላይ የኃይል መሙያ ጣቢያዎችን በቻይና እንደሚሠራ ነበር፤ የማስታወቂያው ዋና ነገር መኪናው ሳይሆን ጣቢያዎቹ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መኪናው ያለ ጣቢያው ተጭኖ አዲስ አበባ ቢገባና ባለቤቱ ማታ ከምጣዱ ሶኬት ጋር ቢያያይዘው፣ እነዚያው 83 ኪሎዋት ሰዓቶች የሚሞሉት በአምስት ደቂቃ ሳይሆን በ24 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያውም በመካከሉ መብራት ካልጠፋና እንጀራ የሚጋግር ካልመጣ።